ውሃ የወሰደውን ኳስ ተዉት

በበዓል ሰሞን በአዲስ ዓለም ከተማ አድርጎ ወደ አምቦና ወደ ወንጪ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ወንጪ ሐይቅ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከለማ ወዲህ ዝናው ጨምሯል።

ስጋታችን በሐይቁ ዳርቻ ላይ የሚለጋው ኳስ ነው። ሰው ከመምታቱ ይልቅ ውሃ ውስጥ መግባቱ ይከፋል። በአየር የተነፋ ቀላል ኳስ ነፋስ ከዋናተኛ አፍጥኖ ይወስደዋል፤ ልጅ ደግሞ «ትንሽ ቀረኝ» እያለ ይከተለዋል። የወንጪ ውሃ ጥልቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ብርዱ ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ክንድ ያዝላል።

የሐይቁ አስተዳደር የኳስ መጫወቻውን ከዳርቻው አርቆ ይከልል፤ ዋና የሚችል ጠባቂና ገመድ የታሰረበት ተንሳፋፊ ጎማ ያዘጋጅ፤ ደንቡንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይለጥፍ። ወላጆች፣ ውሃ የወሰደውን ኳስ እንዳይከተሉ ለልጆቻችሁ ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው። የአምቦ ፍልውሃ መዋኛም ቢሆን በእርጥብ ጠርዙ ላይ ኳስ መቀባበልን መፍቀድ የለበትም።