ስለ አሮጌ መኪና መሪ

በ2011 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል የአጎታችን ልጅ ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ፈረስ ቤት መጥቶ ነበር። የመጣባትም መኪና ከአባቱ የወረሳት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 የተሠራች ቮልስዋገን ናት። ገና ውሃ ሳይቀምስ፣ «ጋሼ፣ የዚህችን መኪና መሪ ላስለውጥ ነው» አለን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወርድ መሪው የመዳፍ ስፋት ያህል ወዲያና ወዲህ ይመላለስ፣ መኪናዋም አልታዘዝ ትለው ኖሮአል። ባለቤቱም ያን ቍልቍለት ዐይኗን ጨፍና እንደ ወረደች አልሸሸገችንም።

ይህን የቈየ ነገር አሁን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ የአባቱን መኪና አድሶ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል።

አንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ ለልጁ የመከረው፣ አሮጌውን የመሪ ሣጥን አውጥቶ የሌላ ትንሽ መኪና ጥርሳም ዘንግ ቈርጦና በይዶ ማስገባትን ነበር። እኛ መካኒክ አይደለንም፤ ነገር ግን ስለ መዘውርና ስለ ማንሻ ለብዙ ዓመታት ስላስተማርን ነገሩን እንመርምረው አልን።

በእርሱ ቮልስዋገን የመሪው ግንድ ሣጥን ውስጥ ገብቶ እንደ ብሎን በተጠማዘዘ ብረት ያልቃል። ጥምዝዙ አንዲት ተንከባላይ ጥርስ ይገፋል፤ ጥርሷ ክንድ ታዞራለች፤ ክንዱም በሁለት ዘንጎች የፊት ጎማዎችን ይመራል። እንደ ፔጆ 404 ባሉት ግን አንድ ትንሽ ባለ ጥርስ መዘውር ቀጥ ያለ ጥርሳም ዘንግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነዳል። መጋጠሚያው ጥቂት ስለሆነ የሹፌሩ እጅ መንገዱን በቅርብ ይሰማዋል። የቮልስዋገን ፋብሪካ ራሱ በ1974 እ.ኤ.አ. በ1303 ዓይነቱ ላይ ይህን ሥርዐት አግብቶአል። ስለዚህ የልጁ ምኞት ከንቱ አልነበረም።

ዳሩ ግን የ1303 የፊት ጎማ አሰቃቀል ሌላ ነው። በ1967ቷ ጎማው ጕድጓድ ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳልም፤ የመሪው ዘንግ ግን አንድ ጫፉ ስለ ተያዘ ቅስት እየሠራ ይከተለዋል። ዘንጉ ባጠረ መጠን ቅስቱ ይጠብባል፣ ጎማውንም ወደ ጎን ይጐትታል። ሹፌሩ መሪውን ሳይነካው መኪናዋ ራሷ ትታጠፋለች ማለት ነው። ያለ ልክ የገባ ጥርሳም ዘንግ በለሰለሰ የከተማ አስፋልት ደኅና መስሎ፣ ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚያወጣው ጠጠር ላይ ጕዱን ያወጣል። ብየዳውማ የባሰ ነው። ሙቀት የብረቱን ባሕርይ ስለሚለውጥ፣ ከውጭ የማይታይ ስንጥቅ በብየዳው አጠገብ ሊያድር ይችላል፤ የመሪ ብረት ደግሞ ሲሰበር ገደል ዳር መሆኑን አይጠይቅም።

የዳሞት ገበሬ ሞፈሩ ወዲያና ወዲህ ሲልበት አስቀድሞ ምራኑን ያያል እንጂ ሞፈር ሊቈርጥ ወደ ዱር አይሄድም። እኛም መኪናዋን በደልዳላ ግቢ አቁመን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣ ታላቂቱን ልጅ መሪው ላይ አስቀመጥናት። ቀስ እያለች ወዲያና ወዲህ ስታወዛውዝ እኛ ሰሌን አንጥፈን ተኝተን፣ እንቅስቃሴው ከየት እንደሚነሣና የት ላይ እንደሚጠፋ ተመለከትን። (የበዓል ልብሳችን ነገር ይቅር።) ከአራቱ የዘንግ ጫፍ ኳሶች ሁለቱ በልተዋል፤ ይባስ ብሎ የመሪውን ሣጥን ከአክስሉ ቱቦ ጋር የሚያስረው ማሰሪያ ብሎኖች ላልተው ሣጥኑ ራሱ ይወዛወዛል። ብዙው ልቅነት ከሣጥኑ ውስጥ አልነበረም።

ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ አዛውንት መካኒክ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ኳሶቹንም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጥቶ ለወጠ። የሣጥኑን ማስተካከያ ብሎን እንዲያጠብቀው ልጁ ቢለምነው አዛውንቱ እምቢ አለ፤ ደስ ያሰኘንም ይህ ነው። ጥምዝዙ አብዝቶ የሚበላው መካከሉ ላይ፣ መኪና ቀጥ ብላ በምትሄድበት ስፍራ ነው። መካከሉ እስኪጠብቅ ቢያጠብቁት፣ ያልተበላው ዳርና ዳሩ ይያያዛል፤ መሪውም ከመታጠፊያ በኋላ አልመለስ ይላል። የጎማዎቹ አቅጣጫ ከተስተካከለ በኋላ የቀረው ልቅነት የአንድ ጣት ያህል ነበር። ለእንዲህ ያለው ሣጥን ይህ የተለመደ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጥርሳም ዘንግ የሚፈልግ ካለ፣ ለዚያው አክስል ተለክቶ የተሠራውን፣ ያለ ብየዳ በብሎን ብቻ የሚታሰረውን ይፈልግ። ከገባም በኋላ መኪናዋ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ሳለች፣ መሪው ተይዞ ጎማው ከታች እስከ ላይ ይነሣ፤ ሲነሣ ወደ ጎን ከዞረ ገንዘቡን አይክፈል።

ልጁ ሲመለስ ዓባይን ተሻግሮ ከጎሐ ጽዮን ደወለልን። ባለቤቱ ከደጀን ቍልቍለቱን ሁሉ ስታወራ ወርዳለች አለ። ስለ መሪው አንድም ቃል አላነሣም፤ ስለ ፍሬኑ ይጠይቀን ጀመር።