እትዬ አዜብን ማን ይሣልልን?

ለቡ፣ ሙዚቃ ቤት አካባቢ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የንግሥተ ሳባ ሥዕል ተሰቅሏል። ከዓመታት በፊት ቸርችል ጎዳና ላይ ዋጋ ተከራክሬ የገዛሁት፣ አርባ አራት ሣጥን ያለው የሸራ ሥዕል ነው። ባለፈው ቅዳሜ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሶፋው ላይ ወጥታ ሣጥኖቹን በጣቷ ስትቆጥር ቆየችና «እማዬ፣ ይሄ እኮ ኮሚክ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ቀጥላ ግን «እንቆቅልሹን የምትጠይቀው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

ፈልገን አጣነው። ዘንዶው አለ፣ ግብሩ አለ፣ አልጋው አለ፣ የውኃው ማሰሮ አለ። እንቆቅልሹ የለም።

ይቺን ሴት ያልተረካት የለም። መጽሐፈ ነገሥት ስሟን እንኳ ሳይነግረን ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መጣች ይላል። በቁርኣን የሰሎሞን ደብዳቤ ሲደርሳት መኳንንቷን ሰብስባ ታማክራለች። ክብረ ነገሥት ማክዳ ብሎ 797 ግመል አስጭኖ ይሸኛታል፤ ጥበብንም በራሷ አንደበት ታወድሳለች። እኔን የሚከነክነኝ መጨረሻው ነው። ዙፋኑን ለልጇ ስታስረክብ ከእንግዲህ ሴት አትንገሥ ብላ መኳንንቱን የምታስምለው ራሷ ናት። መሐላውን አፏ ውስጥ የከተተው ጸሐፊው ይመስለኛል።

የአሜሪካ ኮሚክ ጸሐፊዎችም ከባለታሪካቸው ሥልጣን መንጠቅን ያውቁበታል። እ.ኤ.አ. በ1941 የተፈጠረችውን ወንደር ውማንን በ1968 ዴኒ ኦኒል ኃይሏን ነጥቆ የልብስ ሱቅ ከፈተላት። በ1973 ሌላ ጸሐፊ መልሶላታል። የእኛዋ ሸራ ላይ ግን የሚመልስላት አልመጣም።

ታሪኩ ጠፍቶ አይደለም። ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው የአክሱም ወግ አለ። በዚያ ተረት ስሟ እትዬ አዜብ ነው። ለዘንዶ ተሰጥታ ዛፍ ላይ የታሰረች ልጃገረድ ናት። ቅዱሳን ዘንዶውን ሲገድሉት ደሙ እግሯ ላይ ይንጠባጠብና የአህያ ሰኮና ይሆናል። አገሩ ይሾማታል። እግሯን ለማስፈወስ ከሴት አማካሪዋ ጋር ጠጉራቸውን እንደ ወንድ ተሠርተው፣ ሰይፍ ታጥቀው ኢየሩሳሌም ይወርዳሉ። የሰሎሞን ማታለያም እንደ ሸራው ውኃ ሳይሆን ማር ነው፤ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ጠብ ጠብ የሚል ማር። ቸርችል ባሉት ሸራዎች ላይ ግን ዘንዶውን የሚገድለው አባቷ አጋቦስ ነው፤ እሷ ወራሽ ሆና ትመጣለች።

ከሁሉም የምመርጠው ባለ ሰኮናዋን ነው። ሠዓሊዎቹን አልወቅስም፤ ገዢ የሚጠይቀው የለመደውን ነው። ጀምበርና ሃዊ የተባሉትን ኮሚኮች ያወጣው ኤታን ኮሚክስ ወይም እሱን የመሰለ ሌላ ቤት ግን እትዬ አዜብን ቢሥላት እኔ ቀድሜ እገዛለሁ።

ልጄ አልጠበቀችም። እሑድ ጠዋት ደብተሯ ላይ ሱሪ አልብሳ፣ ሰይፍ አስታጥቃ ሣለቻትና ሰኮናው የትኛው እግሯ ላይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ግራው ላይ አልኳት።