የኬኩ ስንጥቅና የኬኩ ዋጋ



በሠራዊት መኖሪያ ግቢዎች ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሚያልፍ ሰው ከየቤቱ የሚወጣውን የቫኒላ ሽታ ሳያስተውል አይቀርም። ባለቤቶቻቸው በግዳጅ ላይ የሚገኙ እናቶች፣ ትምህርት ጨርሰው ሥራ የሚጠባበቁ እኅቶች፣ አልፎ አልፎም በጡረታ የተሰናበቱ አባቶች ሳይቀሩ ለልደት፣ ለምረቃና ለክርስትና የሚሆን ኬክ ጋግረውና በክሬም አስጊጠው በትእዛዝ ይሸጣሉ። የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛው፣ ዕቁብም የሚከፈለው ከዚሁ ነው። ስለዚህም ነገሩን የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አድርጎ የሚመለከት ባልደረባ ካለ፣ ደመወዙ ከወር ወር የሚደርስለት በማን ላብ እንደሆነ ቤቱ ሲገባ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ዛሬ የምናነሣው በማስረከቢያው ሰዓት ደጃፍ ላይ የሚፈጸመውን ነገር ነው። ገዥዋ ገና ካርቶኑን ሳትከፍት ሻጯ አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጎኑ ትንሽ ተሰንጥቆብኛል፤ የፈለጉትን ይስጡኝ» ትላለች። ገዥዋ ክፉ ሰው ባትሆንም እንኳ «የፈለጉትን» የተባለ ሰው ከተነገረው ዋጋ በታች መፈለጉ አይቀርም። የአምስት ሰዓት ድካም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይቀልጣል። ጉድለትን መናገር አንድ ነገር ነው፤ ዋጋን ለገዥ መልቀቅ ግን ሌላ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ጉድለት ሁሉ የእጅ ጉድለት አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ የኬክ አሠራር መመሪያዎች የተጻፉት ለባሕር ወለል ቅርብ ለሆነ አገር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው ጋዝ ከመጠን በላይ ይነፋል፤ ሊጡም ሳይጸና ተነሥቶ መካከሉ ይሰረጉዳል። ስለሆነም በደጋ የሚጋገር ኬክ ቤኪንግ ፓውደሩና ስኳሩ ጥቂት ሊቀነስለት፣ ፈሳሹ ጥቂት ሊጨመርለት፣ የምድጃውም ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ሊልለት ይገባል። በድሬዳዋ የምትጋግር እናት ደግሞ ሌላ ጠላት አለባት። የገበታ ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ የቀትር ፀሐይ የክሬም ጽጌረዳዋን ወደ ሾርባ ይለውጥባታል፤ ለእርሷ ከሁሉ የሚበጀው በማለዳ ማስረከብ ነው። ኬኩ ምድጃ ውስጥ ሳለ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ግን የባሕር ማዶዎቹ መመሪያዎች አንድም ቃል አይተነፍሱም።

ከላይ ጉብ ያለውን በረጅም ቢላዋ ማስተካከል፣ ስንጥቁን በክሬም መሙላት፣ የተንሻፈፈውን ጎን በአበባ መሸፈን ማታለል አይደለምን? ብለው የሚጠይቁ አሉ። በእኔ አስተያየት አይደለም። ገዥው ያዘዘው ያጌጠ ኬክ ነው፤ ክሬሙም የሥራው አካል ነው። ተቆርጦ የተረፈውም ፍርፋሪ በክሬም ተለውሶና ተድቦልቡሎ ለልጆች ይሸጣል። ሠሪዋ ብቻ የምታውቀውን እንዲህ ያለ እንከን ለገዥ ማስታወቅ በገዛ ሥራዋ ላይ መመስከር እንጂ ትሕትና አይባልም።

ቃል የተገባበት ነገር ሲጓደል ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሰማያዊ የታዘዘው ክሬም ወደ ሐምራዊ ካደላ ኬኩ ይበላል፣ ነገር ግን የታዘዘው አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው የስም ነገር ነው። ፊደላችን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሆሄያት ስላሉት እናቷ በ«ፀ» የምትጽፋትን ፀሐይን በ«ጸ» መጻፍ ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለእናቲቱ ግን በልጇ ልደት ላይ የሌላ ልጅ ስም ነው። በመሆኑም ትእዛዝ ሲሰጥ ገዥዋ ስሙን በገዛ እጇ በወረቀት ላይ እንድትጽፍ ይደረግ። ክሬም በብራና ላይ እንደፈሰሰ ቀለም አይደለም፤ ሳይደርቅ በቢላዋ ጫፍ ተነሥቶ እንደገና ይጻፋል።

በዋጋ ቅነሳ የማይታለፍም ጉድለት አለ። መካከሉ ያልበሰለ ኬክ በግማሽ ዋጋ አይሸጥም፣ በነፃም አይሰጥም። ቀጭን እንጨት መካከሉ ላይ ተወግቶ ሲወጣ ሊጥ ከያዘ ኬኩ ወደ ምድጃው ይመለስ እንጂ ወደ ክሬሙ አይሂድ። የጾም ኬክም እንዲሁ ነው። ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ተሠራ የተባለው ኬክ የወተት ውጤት ባለበት ማርጋሪን ተሠርቶ ከተገኘ ጉድለቱ በገዥው ሕሊና ላይ ነው፤ ለዚያ የሚመጥን ቅናሽ የለም። አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ውጤት ስለሚጨመርበት ከመግዛት በፊት የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋጋው እንምጣ። መጠባበቂያ ኃይል ሳይዝ ለግዳጅ የሚሰማራ አዛዥ እንደሌለ ሁሉ፣ መጠባበቂያ ሳይዝ የሚተመን ዋጋም ሊኖር አይገባም። ለስሌት ያህል ብቻ እንዲህ እንበል፦ ለአንድ ባለ 2 ኪሎ ኬክ የፉርኖ ዱቄቱ፣ እንቁላሉ፣ ስኳሩ፣ ቅቤውና ቀለሙ 900 ብር ፈጀ። ካርቶኑና መደቡ 100፣ መብራቱ 60 ብር ነው። አምስት ሰዓት ሥራ በሰዓት 90 ብር ቢታሰብ 450 ይሆናል። ድምሩ 1,510 ብር ነው። ከአሥር ኬክ አንዱ ይበላሻል ተብሎ ቢገመት የጥሬ ዕቃው አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 90 ብር ይታከልና ዋጋው 1,600 ብር ይደርሳል። የአሥር ኬክ መጠባበቂያ 900 ብር ስለሆነ የተበላሸውን የአንዱን ኬክ ጥሬ ዕቃ ይተካል። ቀለሙ ለተሳሳተበትም ኬክ ሻጯ ራሷ፣ «ቀለሙ እንዳዘዙኝ አልወጣልኝም፤ ስለዚህ 1,510 ብር ነው» ብላ ትናገራለች። የተቀነሰው ከመጠባበቂያው ነው፤ የላቧ 450 ብር አልተነካም። ብዙዎች ግን ዱቄቱንና ስኳሩን ብቻ ደምረው ድካማቸውን እንደ ምርቃት ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም፤ የማዕረግ ነገር ነው። የአሥር አለቃው ባለቤት ለሃምሳ አለቃው ቤት በ1,600 የሸጠችውን ኬክ የሻለቃው ባለቤት ሲያዙ በ1,200 ታስረክባለች። ማንም አላዘዛትም፤ ፍርሃት ነው። የማዕረግ ምልክት የሚለበሰው በትከሻ ላይ ነው፣ በኬክ ካርቶን ላይ አይደለም። የአለቃ ባለቤት የሆኑ እመቤቶችም «ለእኔ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ዋጋው ስንት ነው?» ቢሉ ሻጯን ከጭንቅ ያወጧታል። ሐዘን ለደረሰበት ወይም ልጁን ለሚድር ችግረኛ ጎረቤት በነፃ መጋገር የወግ ነውና እርሱ በዚህ ሒሳብ አይገባም።

በመጨረሻም፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡት የኬክ ቀለሞችና ቸኮላታዎች በአምናው ዋጋ ሊታሰቡ አይችሉም። ስለዚህ ትእዛዝ ሲወሰድ ግማሹ በቀብድ ይከፈል፤ የልጁ ስም፣ ቀለሙ፣ ኪሎውና ዋጋው የሰፈረበት ወረቀት ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለገዥዋ ይሰጥ፣ ሌላው ምድጃው አጠገብ ይለጠፍ፣ ዋጋው የተነገረበትም ቀን በሁለቱም ላይ ይጻፍ።