የበረሃ አበል ለነፍስም?

ሠመራ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ጋር የበረሃ አበል ይቀበላል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ይህን የሚቃወም የለም። ነገሩ የሚበላሸው ከደጋ የወረደው ክርስቲያን ሌላ አበል ለራሱ ሲፈቅድ ነው፤ ከጾም፣ ከጸሎትና ከቅዳሴ የሚያሰናብት አበል። «በረሃ ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ይላል፤ ሑዳዴም እንዲሁ ያልፋል። ያው ሰው ለበዓል ደሴ ወይም አዲስ አበባ እናቱ ቤት ሲገባ ጾመኛ ነው። የንስሐ አባቱም እዚያው አገር ቤት ናቸው፤ የሚደውልላቸው እንኳን አደረስዎ ለማለት ነው።

ይህ ሰው እምነት የለኝም አይልም። እንዲያውም ስለት አለበት።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሠመራና ጅቡቲ ይሄዳል፣ ሌላው በሚኤሶ በኩል ሐረርጌ ይወጣል። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሲቃረብ የሐረርጌው መንገድ በቁልቢ ተጓዦች ይጨናነቃል። ጥላ፣ ጧፍ፣ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ይጫናል። ራስ መኮንን የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ከዓድዋ ድል በኋላ ለምስጋና ነበር። ዛሬ ብዙው ተጓዥ የሚወጣው ግን የዓመቱን ውዝፍ በአንድ ጥላ ሊያወራርድ ነው። ልጅ ከሰጠኸኝ፣ ቪዛው ከመጣልኝ፣ ሎተሪው ከወጣልኝ ይላል፤ ሲሆንለት ይከፍላል፣ ከከፈለ በኋላ እስከሚቀጥለው ችግር ድረስ ከመልአኩ ጋር አይተዋወቅም። ስለት ጥንታዊ የእምነት መግለጫ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። የሚነቀፈው የዕለት ተዕለቱን ሥርዓት ተክቶ ሲቀመጥ ነው።

የእነዚህ ተጓዦች መኪኖች ከአዋሽ ብዙም ሳይርቁ አሰቦትን ያልፋሉ። ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ የአቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ ገዳም አለ። መነኮሳቱ የሚኖሩት በጸሎት ሰዓትና በሥራ ድርሻ ነው፤ ለስለት ከፋዩ ሕዝብ ይህ አይማርክም መሰለኝ፤ አብዛኛው መኪና ሳይቆም ያልፋል።

በረሃ ለእምነት አይመችም የሚለው ሐሳብ በራሱ በክርስትና ታሪክ ፊት አይቆምም። ቅዱስ እንጦንስ የመነነው ወደ ግብፅ በረሃ ነው። ጳኩሚስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የማኅበር ኑሮን በሥርዓት ያቆመው በዚያው ምድር ሲሆን፣ ሥርዓቱ ወደ ግእዝ ተመልሶ የኢትዮጵያ ገዳማት መመሪያ ሆኗል። የዋልድባ መነኮሳት እህል ትተው በቋርፍ የሚኖሩት በተከዜ ቆላ እንጂ በደጋ አይደለም። ሙቀትን ሰበብ ያደረገ ክርስቲያን አባቶቹ ከሄዱበት ስፍራ ነው የሚሸሸው።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአፋር ክልል ሕዝብ ከ95 በመቶ በላይ ሙስሊም ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገባ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ልዩነት ተከታተሉ። በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ሙቀት፣ አንዱ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ውኃ አይቀምስም፤ ሌላው ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከል ከበደኝ ብሎ ሥጋ ያዝዛል። መንገደኛና ሕመምተኛ ሙስሊም ማፍጠር ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን ያጎደለውን ቀን ቆጥሮ ይከፍላል። የእኛው ሰው ያጎደለውን የሚቆጥርበት ደብተር የለውም።

ለሕመምተኛ ፍትሐ ነገሥቱም ያዝናል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ለሚያወርድ ወዛደርም የንስሐ አባት ሊያቀልለት ይችላል። ማቅለል ግን ከአባት ጋር ተመካክሮ የሚደረግ ነው፤ እያንዳንዱ በየምግብ ቤቱ ለራሱ የሚፈርመው ፈቃድ አይደለም። ጥፋቱ የምእመኑ ብቻም አይደለም። ስንቱ ዐውደ ምሕረት ስለት ስለ ሰመረለት ሰው ተአምር ሲያሰማ ይውላል፣ ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ጸሎቱን እንዴት እንደሚያደራጅ የሚያስተምረው ግን ስንቱ ነው? የጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ቢሮ በሚሠራበት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደመወዝተኛው መቼ ያስቀድስ?

እንደሚቻል ማስረጃ አለ። በ1983 ዓ.ም. ብላቴ ለወታደራዊ ሥልጠና የገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በካምፕ ውስጥ፣ በዚያ ቆላ፣ ጸሎታቸውን በማኅበር ይዘው ቆዩ፤ የማኅበረ ቅዱሳን ታሪክ ከዚያ ጋር ይያያዛል። ካህን በየደጃፋቸው አልነበረም፤ ሰዓት ግን ነበራቸው። ዛሬም በሠመራ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ ከዚያ የከፋ ሁኔታ ውስጥ አይደለም።

በጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ለጉምሩክ ወረፋ የቆመ ሾፌር ደግሞ ጊዜ የለኝም ቢል ማን ያምነዋል? መስታወቱ ላይ የገብርኤልን ሥዕል ለጥፏል፣ ረዳቱ ጫት ይዞ ይመለሳል፣ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሦስቱ እዚያው መሪው ላይ እንደ ተቀመጠ ያልፋሉ።