መኪና የሌለበት ተራራ የደካማ ነው ያለው ማን ነው?

«መኪና የማይገባበት የብስክሌት መንገድ የጡረተኛና የሕፃን ነው፤ እውነተኛ ብስክሌተኛ የሚፈተነው አስፋልት ላይ ነው።» ይህ አባባል እሑድ እሑድ በቡድን ከሚወጡ ብስክሌተኞች አፍ አይጠፋም። አዲስ አበባም ይባላል፣ ዋሽንግተንም ይባላል። ጀማሪ መጥቶ «እኔ የምፈልገው ከመኪና ርቄ በጫካ ውስጥ በእርጋታ መንዳት ነው» ሲል ይህንኑ ይሰማል። ከዚያ ወይ አፍሮ አውራ ጎዳናው ላይ ይወጣል፣ ወይ ብስክሌቱን በረንዳ ላይ አቁሞ ይተወዋል። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የተናጋሪዎቹ ነው።

አባባሉ የቆመው አደጋንና ጉልበትን በማምታታት ላይ ነው። ዳገት የነጂውን ጉልበት ይፈትናል፤ በዚህ ክርክር የለም። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪናስ ምኑን ይፈትናል? ሾፌሩ ስልኩን እያየ ከሆነ፣ እንቅልፍ ካዳፋው ወይም ኩርባ ላይ ሊቀድም ከወጣ የብስክሌተኛው ጭን መጠንከር፣ የትንፋሹ መርዘም፣ የዓመታት ልምዱ አያድነውም። ውጤቱ ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው እጅ ያለ ነገር ፈተና አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ጉልበት አንሷቸው አይደለም የሞቱት።

የተናቀው መንገድ ምን እንደሚመስል ለማየት ከአሜሪካዋ ፒትስበርግ ተነስቶ የአሌጌኒ ተራሮችን ደን አቋርጦ ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ የሚደርሰው «ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ርዝመቱ 150 ማይል፣ ማለትም 241 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ባቡር የተወው የሐዲድ መስመር ነው፤ ሐዲዱ ተነቅሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተደልድሎበታል። የመጀመሪያው ቁራጭ ኦሃዮፓይል ላይ የተከፈተው በ1986 ሲሆን፣ ፒትስበርግ መሐል ድረስ ተያይዞ ያለቀው በ2013 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ወስዷል። በመንገዱ ላይ የመኪና ትራፊክ የለም፤ መኪና የሚገጥመው ከተማ ውስጥና መንገድ ለመንገድ በሚቋረጥበት ቦታ ብቻ ነው።

«ታዲያ ለጥ ያለ አይደል?» ይላሉ። ከከምበርላንድ የተነሳ ሰው ከ190 ሜትር ከፍታ ጀምሮ 729 ሜትር ላይ ወዳለው የውኃ መለያ ይወጣል። እዚያ ጫፍ ላይ የዘነበ ዝናብ በአንድ በኩል ወደ አትላንቲክ፣ በሌላው በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። ዳገቱ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። ይህን ያደረገው የባቡር ጠባይ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ቀጥ ያለ አቀበት አይወጣም፣ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን በሰፊው እየዞሩ፣ መዞር ያልተቻለበትን እየበሱ ሄዱ። መንገዱ የዋህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የዋህነቱ ግን ዕረፍት አይሰጥም። በተለመደው የተራራ አስፋልት ላይ ዳገቱን የጨረሰ ሰው ቁልቁለቱን ፔዳል ሳይመታ ይወርዳል። እዚህ እግር ለሰዓታት ያለማቋረጥ ይዞራል። ማርሽ ለመቀየር እንኳ ምክንያት አይገኝም፤ ጉልበት የሚያልቀው ቀስ በቀስ፣ ሳይታወቅ ነው።

ከጫፉ በፊት የቢግ ሳቬጅ ዋሻ አለ። 1 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ መብራት ቢኖረውም በበጋ ሙቀት ከደኑ የሚገባን ሰው ቅዝቃዜው ላቡን ያደርቅበታል። በረዶ ግድግዳውን እንዳይሰነጥቀው በየክረምቱ በሮቹ ይዘጋሉ። ከዚያ ወዲያ ሜየርስዴል የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ብስክሌተኛው 582 ሜትር በሚረዝም የድሮ ባቡር ድልድይ ላይ ሸለቆውን ይሻገራል። ከሥሩ አውራ ጎዳናው ይታያል። መኪኖቹ ከታች፣ ብስክሌተኛው ከላይ። መሆን የሚገባው እንዲህ ነው።

ወደ ሌላው አቅጣጫ ለሚሄድ ደግሞ ከምበርላንድ ላይ መንገዱ አያልቅም። ከዚያ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር መንገድ ይቀበለዋል፤ 184.5 ማይል ሄዶ ዋሽንግተን ውስጥ ጆርጅታውን ይገባል። በዚህ መንገድ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱ ነበር። ግንባታው በ1828 ተጀምሮ፣ ቦዩ ለጀልባ የተዘጋው በ1924 ነው። እዚህ ደግሞ ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጎማና ፍሬን መካከል ይጠቀጠቃል፤ የዛፍ ሥር መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። ፖ ፖ የሚባለው ዋሻ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጡብ ገብቶበታል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከብስክሌት ወርዶ፣ ባትሪ አብርቶ፣ በጠባቡ ጥግ እየገፉ መሄድ ግድ ነው። የእጅ መደገፊያው እንጨት ላይ የጀልባ መጎተቻው ገመድ እያሻሸ የቦረቦረው ምልክት አሁንም በጣት ይዳሰሳል።

ሁለቱ መንገዶች ሲደመሩ 538 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ይህን የሕፃን መንገድ የሚል ሰው ሻንጣውን ጭኖ ይሞክረው።

ይህ የቦይ ዳር መንገድ ዛሬ ለብስክሌተኛ የተረፈው በክርክር ነው፤ ክርክሩም ከአሁኑ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። በጃንዋሪ 1954 የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በቦዩ ላይ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚለውን ዕቅድ ደግፎ ርዕሰ አንቀጽ አወጣ። ሕዝቡ የቦዩን ዳር በመኪና እየሄደ ይየው ነበር ሐሳቡ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጽፈው የርዕሰ አንቀጹ ጸሐፊዎች አብረዋቸው መንገዱን ሙሉ በእግር እንዲሄዱ ጠየቁ። በመጋቢት ወር ከከምበርላንድ ተነሱ። ዳኛው የ55 ዓመት ሰው ነበሩ። ከብዙ ተጓዦች መካከል በስምንት ቀን ሙሉውን በእግራቸው የጨረሱት 9 ብቻ ናቸው። ጋዜጣውም አቋሙን ቀየረ። መንገዱ በ1961 ብሔራዊ ቅርስ፣ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። መኪና የማይገባበት መንገድ ደካሞችን ይሰበስባል የሚሉ ሰዎች ከእነዚያ ሁሉ ተጓዦች 9 ብቻ ለምን እንደጨረሱ ያስረዱ።

በአዲስ አበባም ምስክር አለ። «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀን፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የተመረጡ ጎዳናዎች እሑድ ጠዋት ለመኪና ሲዘጉ አስፋልቱን ማን እንደሚሞላው ሁሉም አይቷል። ልጆች ናቸው፤ ኮርቻ ላይ መቆየት ገና የሚማሩ ሴቶች ናቸው፤ ሽማግሌዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሰኞም ጉልበት አላቸው፣ ሰኞም ብስክሌቱን ይወዱታል። ሰኞ የማይታዩት መኪናው ስለተመለሰ ነው። ከከተማው በላይ እንጦጦ አለ፤ ባሕር ዛፉ፣ ንጹሕ አየሩ፣ በጫካው ውስጥ የሚሄደው መንገድ ሁሉ አለ። ነገር ግን ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ እዚያ ለመድረስ ብስክሌተኛው ጭስ ከሚተፋ አውቶቡስና ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ ያንን ዳገት መውጣት አለበት። በመኪና ጭኖ የሚያደርሰው ያላገኘ ልጅ ጫካውን ከሩቅ ያየዋል። ስለ ብስክሌት የሚናገር ሁሉ መጮህ ያለበት ለዚህ ልጅ ነበር።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1983 ባወጣው ድንጋጌ ባቡር የተወው መስመር ተቆራርጦ ሳይሸጥ፣ ምናልባት ባቡሩ አንድ ቀን ቢመለስ በሚል ተጠብቆ እስከዚያው ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲውል ፈቀደ። እንዲህ ያለ ሕግ የሚወጣው ከመኪና የተለየ መንገድ ይገባናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲበዛ ነው። ጠያቂዎቹ መሆን የነበረባቸው የብስክሌት ማኅበራትና ቡድኖች ናቸው። እነሱ ራሳቸው «ይህ የደካማ ነው» እያሉ ካጣጣሉት፣ የከተማ ባለሥልጣን ነጭ ቀለም አስፋልት ዳር ቀብቶ ሥራዬን ጨረስኩ ቢል ማን ይከሰዋል? መንገዱን ያስቀሩት ሾፌሮቹ ብቻ አይደሉም፤ በድፍረታቸው የሚኮሩ ብስክሌተኞችም አሉበት።

ስለዚህ የቡድን መሪዎች ጀማሪን በመጀመሪያ ቀኑ አውራ ጎዳና ላይ ማውጣታቸውን ያቁሙ። ዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ማንንም አስፈቅዶ መጀመር አይጠበቅበትም። የቦዩ ዳር መንገድ ዜሮ ማይል ጆርጅታውን ውስጥ፣ ሮክ ክሪክ የተባለው ጅረት የፖቶማክን ወንዝ ከሚገናኝበት ቦታ ነው። ልጆቹን ይዞ ከዚያ ይነሳ።