«ኔትወርክ ነው» አትበሉን፦ ዓይነቱ ያልተነገረ ቁጥር መልእክት አይደለም

በዚህች ሀገር ለጥፋት ሁሉ የሚበቃ አንድ ሰበብ አለን፤ «ኔትወርክ ነው»። ባንክ ስትሄዱ ኔትወርክ ነው፣ ትኬት ስትቆርጡ ኔትወርክ ነው። አሁን ደግሞ ሰበቡ ሳውንድ ሲስተም ውስጥ ገብቷል። በሰርግ አዳራሽ ማይኩ አልዘጋ ሲል፣ በስብሰባ መሀል ድምፁ አልቀነስ ሲል፣ ታብሌት የያዘው ልጅ ላቡን እየጠረገ «ኔትወርኩ ነው» ይላል። አሠሪው ደግሞ «ልጁ ነው» ብሎ ከክፍያው ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ኔትወርኩም አይደለም፣ ልጁም አይደለም። ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ በስሙ እንጥራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዲጂታል ሚክሰሮችና የድምፅ ሶፍትዌሮች ከርቀት፣ በዋይፋይ ይታዘዛሉ። ትእዛዙ ከሚላክባቸው መንገዶች በጣም የታወቀው ኦፕን ሳውንድ ኮንትሮል ነው፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ኦኤስሲ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተወለደ፤ 1.0 የተባለው ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት አንድ መልእክት ሦስት ነገር ይይዛል፦ አድራሻ፣ የቁጥሩ ዓይነት እና ቁጥሩ ራሱ። አድራሻው የትኛው ቻናል፣ የትኛው ፌደር እንደሆነ ይናገራል። የቁጥሩ ዓይነት ግን አንዲት ፊደል ናት። የዛሬው ጣጣ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው።

አንዷ ፊደል «ይህ ሙሉ ቁጥር ነው» ትላለች፤ ፕሮግራመሮች ኢንቲጀር የሚሉት። ሌላዋ «ይህ ነጥብ ያለው ቁጥር ነው» ትላለች፤ ፍሎት የሚሉት። ማይክ መክፈትና መዝጋት የሙሉ ቁጥር ሥራ ነው፤ ወይ 1 ወይ 0። ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ግን የነጥብ ሥራ ነው፤ ከ0.0 እስከ 1.0 ባለው መካከል የትም ሊቆም ይችላል።

ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር መማር አያስፈልግም፤ ሽሮ ሜዳ መውጣት ይበቃል። ሸማኔ ዘንድ የሚቆጠር ነገር አለ፣ የሚለካ ነገር አለ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ሦስት ከሩብ እጥፍ የሚባል ጋቢ የለም። ክሩም ይቆጠራል፤ ግማሽ ክር ብሎ ነገር የለም። ርዝመቱ ግን ይለካል፤ አምስት ክንድ ተኩል ብትሉት ይገባዋል። «ስድስት አድርግልኝ» ብላችሁ ብቻ ብታዙት ደግሞ ገምቶ ወደ ሥራ አይገባም፤ ሰምቶ እንዳልሰማም አይሆንም። «ስድስት ምን? ክንድ ነው ወይስ ፍሬ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚያደርገውን ይህን ቀላል ነገር፣ በዶላር የተገዛው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ አያደርገውም።

እስቲ አዳራሹን እናስበው። ልጁ ጣቱን ታብሌቱ ላይ ወደ ታች ያንሸራትታል። 0.6፣ 0.4፣ 0.2፤ ድምፁ ይታዘዛል። በመጨረሻ 0 ላይ ይደርሳል። ስክሪኑ 0 ይላል፣ ማይኩ ግን እንደተከፈተ ነው። ለምን? ብዙ አፖች የሚሠሩበት ጃቫስክሪፕት በ0 እና በ0.0 መካከል ልዩነት አያውቅም። መልእክቱን የሚያሽገው ኮድ «ነጥብ የለውም፤ እንግዲህ ሙሉ ቁጥር ነው» ብሎ ገምቶ የተሳሳተችውን ፊደል ይለጥፍበታል። ተቀባዩ ነጥብ ያለውን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ትእዛዙን ይጥለዋል፤ ድምፁም መጨረሻ በሰማው 0.2 ላይ ይቀራል። መሀሉ ሁሉ ይሠራል፣ ጫፎቹ ላይ ብቻ ይከዳል። እንዲህ ያለ ብልሽት ነው ሰውን «ሟርት ነው» የሚያሰኘው።

የባሰም አለ። ሁለቱም ቁጥሮች የሚጓዙት በእኩል ቦታ፣ በ32 ቢት ነው። ተቀባዩ ፊደሏን ሳያይ በዘፈቀደ ካነበበ፣ 1.0 የነበረው 1,065,353,216 ሆኖ ይነበባል። 1 የነበረው ደግሞ ከዜሮ የማይለይ ኢምንት ይሆናል። በዚህ ላይ መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ዩዲፒ በሚባለው መንገድ ነው፤ ይህ መንገድ ደረሰኝ አይሰጥም። ተቀባዩ ዝም ብሎ ሲጥል ላኪው ምንም አያውቅም። ልጁ ታዲያ ምን ይበል? «ኔትወርክ ነው» ከማለት በቀር ምን መረጃ ሰጣችሁት?

ጥፋተኛው ይኸው ነው፦ የሚገምት ላኪ እና ዝም የሚል ተቀባይ። ስህተት ያለ ነው፤ ስህተትን ዋጥ አድርጎ ዝም ማለት ግን ነውር ነው።

«ይህ የጥቃቅን ነገር ጭቅጭቅ ነው» የሚል አይጠፋም። ለእሱ አንድ ታሪክ ልንገረው። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓው አሪያን 5 ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰ። 40 ሰከንድ ገደማ እንደሄደ አየር ላይ ተበታተነ። መነሻው ነጥብ ያለው የ64 ቢት ቁጥር ከ32,767 በላይ መያዝ ወደማይችል የ16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲቀየር አልበቃ ማለቱ ነው። ከዚያ የአቅጣጫ መሣሪያው ሥራ አቁሞ የብልሽት መረጃ ላከ፤ ዋናው ኮምፒዩተር ግን ያን እንደ በረራ መረጃ አድርጎ አነበበው። እዚያ የጠፋው ሮኬት ነው፤ እዚህ የሚጠፋው የአንድ ወጣት የቀን ገቢና ስም ነው። የበሽታው ስም ግን አንድ ነው።

ደግሞስ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ይህን ማወቅ የነበረብን እኛ አይደለንም? «በ2016» ብላችሁ ብቻ ጻፉ፤ አንባቢው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይስታል። ለውጭ ሰው «በ3 ሰዓት እንገናኝ» በሉት፤ በስድስት ሰዓት ትተላለፋላችሁ። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የምንለጥፈው ለጌጥ አይደለም። እነዚያ ፊደሎች የቁጥሩ ዓይነት ናቸው። ኦኤስሲ በአንዲት ፊደል የሚሠራውን እኛ በየደብዳቤያችን ስንሠራው ኖረናል።

«እንግዲያው ተቀባዩ የመጣለትን ሁሉ ይቀበል» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። 1ን ወደ 1.0 መቀየር ምንም አያጎድልም፤ ስለዚህ ፌደሩ ይቀበለው። ግን 0.5 ለማይክ መዝጊያ ቢመጣስ? ተከፈተ ነው ወይስ ተዘጋ? እዚህ ላይ መገመት በሰው ላይ መቆመር ነው። የማያጎድለውን ተቀበል፤ የሚያጎድለውን መልስ፤ ስትመልስም ጮክ ብለህ ተናገር። ሕጉ ከዚህ አይረዝምም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ አፕ የምትሠሩ ልጆቻችን፦ ለኮዱ ግምት አትተዉት። ፌደር ከሆነ ሁልጊዜ ፍሎት ብላችሁ በግልጽ ላኩ፤ 0 እና 1 ላይ ሳትፈትኑም «አልቋል» አትበሉ። የማይገባችሁ መልእክት ሲመጣም ስክሪን ላይ ጻፉት።

ሁለተኛ፣ አዳራሽና መሣሪያ ያላችሁ፦ ከመግዛታችሁ በፊት እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚፈልገው የቁጥር ዓይነት የተጻፈበትን ሰነድ ጠይቁ። የልጁን ክፍያ ከመቁረጣችሁ በፊትም የተላከው መልእክት ምን እንደነበር ይታይ።

ሦስተኛ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ሁላችንም አጨብጭበናል። ሰርተፍኬት መቁጠር ግን ቀላል ነው። በሙሉ ቁጥርና በነጥብ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የገባው ልጅ ስንት ነው? መለካት ያለበት እሱ ነው። የሚለካውን እየቆጠርን «አደግን» ካልን፣ እኛም የተሳሳተችውን ፊደል ለጥፈናል።

እስከዚያው ግን «ኔትወርክ ነው» ሲሏችሁ እንደ ሽሮ ሜዳው ሸማኔ ጠይቁ፦ ምን ተላከ? ምን ዓይነት ቁጥር ነበር? ማን ዝም አለ?