«ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ለካድሬም ለደላላም የሚተው ጥያቄ አይደለም

«ዲግሪ ይዞ የሚሰደድ አገሩን የከዳ ነው» የሚሉ ሰሞኑን በዝተዋል። በሌላ በኩል «ምን ትጠብቃለህ? በሩ ሳይዘጋ ውጣ እንጂ!» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ደመወዛቸው የማይቋረጥባቸው ናቸው። ከሁለተኛዎቹ ብዙዎቹ ኮሚሽን ይቆርጣሉ። መምህሩ፣ ነርሷ፣ መሐንዲሱ ሌሊት ሌሊት የሚያሰሉትን ሒሳብ ግን ሁለቱም አያውቁትም።

ከመጀመሪያዎቹ ልጀምር። ባለሙያ የሚወጣው ገንዘብ ወዶ ይመስላችኋል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ መልሱ እስር ሆነ። በአማራ ክልል በጦርነቱ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እዚያ ያለ መምህር «ስንት ይከፈለኛል?» ከማለቱ በፊት «መስከረም ላይ የማስተምርበት ክፍል ይኖራል ወይ?» ይላል። ሰው ድህነትን ይችላል። ነገን መገመት ሲያቅተው ግን እግሩ ይነሳል። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ የአገር ፍቅር አትስበኩለት፤ ደመወዙን በወሩ ክፈሉት፣ ሲጠይቅ አትሰሩት።

ሞትን ሸሽቶ የሚወጣ ሒሳብ አያሰላም፤ እሱን «ለምን?» ለማለት ማንም መብት የለውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ገና ምርጫ በእጁ ላለ ሰው ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ የሚያጣድፋችሁን ሰው ጠርጥሩ። ደላላ ጥድፊያ ይሸጣል። ከየካቲት 2017 ጀምሮ ከማይናማር የኦንላይን ማጭበርበሪያ ማዕከላት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲለቀቁ ብዙ ኢትዮጵያውያን አብረው ነበሩ። ከእነዚህ መካከል «ታይላንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ጥሩ ሥራ አለ» ተብለው የሄዱ የተማሩ ልጆች ነበሩ። እንግሊዝኛቸውና ኮምፒውተር ማወቃቸው ነው ያስፈለጋቸው። ትምህርታችሁ ጋሻ ይሆናል ብላችሁ አትተማመኑ፤ አንዳንዴ የሚያስጠምደው እሱ ነው።

አሁን እኔ ስላለሁበት ስለ ካኩማ ልንገራችሁ። እዚህ ስደተኛ መምህር የሚከፈለው ደመወዝ አይባልም፣ «ኢንሴንቲቭ» ነው፤ ያንኑ ትምህርት ከሚያስተምር የኬንያ ዜጋ ደመወዝ በእጅጉ ያንሳል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ መሥራትን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሙያህ እዚህ እውቅና ካገኘ ነው። ለማስተማር በመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን መመዝገብ አለ፣ የሥራ ፈቃድ አለ። ናይሮቢ ለመሄድ ራሱ የመንቀሳቀሻ ወረቀት ይጠየቃል። በሰኔ 2017 ራሽኑ ከመደበኛው ወደ 28 በመቶ ወረደ። «ፕሮሰስ» እያሉ ዓመታት የጠበቋት አሜሪካም በጥር 2017 የስደተኛ ቅበላዋን አቆመች፤ የጉዞ ቀን የተቆረጠላቸው ሳይቀሩ ቀሩ።

ቤተሰብ መሬት ሸጦ የተማረውን ልጅ የሚልከው «ይህ ቶሎ ይለወጣል» ብሎ ነው። ጠረፍ ሲሻገር ግን መጀመሪያ ዋጋ የሚያጣው ዲግሪ ነው። ግንበኛ የትም ግንበኛ ነው፤ ፀጉር ቆራጭ ሙያውን በእጁ ይዞ ይመጣል። የመምህር እጅ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ «ቴምፖ» ብቻ ይዘህ አትውጣ። ኮስት ሼሪንግህን ጨርስ፣ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አውጣ፣ የሥራ መልቀቂያ ያዝ፣ ውጭ ጉዳይ ድረስ ወስደህ አስረጋግጥ። «መንግሥቴን ፈርቼ ነው የወጣሁት» ብለህ ከተመዘገብክ በኋላ ለማኅተም ኤምባሲ በር ላይ ብትሰለፍ ኬዝህን በራስህ እጅ ታበላሻለህ። ይህን ደላላው አይነግርህም።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፤ ለደላላ የሚከፈል ብር ከመላካችሁ በፊት ወረቀቱን የሚያስጨርስለትን ላኩለት። አገር ቤት ያላችሁም «እነ እገሌ ልጃቸው ደረሰላቸው» እያላችሁ አትወትውቱት። የደረሰው ፎቶ ይለጥፋል፤ ያልደረሰው ዝም ይላል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ እናቶቻችን። በዚህ መንገድ ላይ ግን የፈሰሰ አይለቀምም።

ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። ወረቀቴ የተሟላ ነው? በምሄድበት አገር በሙያዬ እንድሠራ የሚፈቅድልኝ መሥሪያ ቤት የትኛው ነው፣ ምን ይጠይቃል? አንድ ዓመት ሥራ ባጣ ማን ያኖረኛል? ለሦስቱም መልስ ካለህ ውጣ፤ ከሃዲ የሚልህን አትስማ። ከሌለህ ቆይና ተዘጋጅ፤ ፈሪ የሚልህን አትስማ።

ይህን ለምታውቁት መምህርም ነርስም አድርሱልኝ።